ጭምት ናት እየተባለች የምትታለፈው ልጅ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከባሕር ዳርና ከጣና ዙሪያ ከደረሱን ደብዳቤዎች ለዚህ ዕትም አራቱን መርጠናል። ጸሐፊዎቹ አይተዋወቁም፤ የጻፉት ግን ስለ አንድ ነገር ነው፤ በሴቶች ላይ ሳይታወቅ ስለሚቆይ ኦቲዝም። መልሶቹን ያዘጋጁት በሕፃናት አእምሮ ጤናና በልዩ ፍላጎት ትምህርት የሚሠሩ ባለሙያዎች ናቸው።

ጥያቄ 1

ጤና ይስጥልኝ። ልጄ 11 ዓመቷ ነው፣ አምስተኛ ክፍል ናት። ደረጃዋ ከሦስተኛ ወርዶ አያውቅም፤ መምህሯ «እንደ እሷ ያለ ጭምት ልጅ የለኝም» ይሉኛል። ቤት ስትገባ ግን ሌላ ሰው ናት። በትንሽ ነገር ትጮኻለች፣ ዕቃ ትወረውራለች፣ ከዚያ አልጋ ሥር ገብታ አልወጣም ትላለች። ጎረቤት ዓይን ነው ይላል፤ አባቷ አቅብጠሻት ነው ይለኛል። ነርስ የሆነች ዘመዳችን «ኦቲዝም እንዳይሆን አሳዪያት» አለችኝ። እኔ የማውቀው ኦቲዝም ያለበት የጎረቤቴ ልጅ አይናገርም፣ እጁን ያራግባል፣ ሰው አያይም። የእኔዋ ትናገራለች፣ እንግዳ ሲመጣ ስማ ሰላም ትላለች። ሁለቱ እንዴት አንድ ስም ይኖራቸዋል?
እናት፣ ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር

መልስ

በደብዳቤ ብቻ ልጅዎ ኦቲዝም አለባት ወይም የለባትም ማለት አይቻልም። ዘመድዎ ግን ደህና ነገር መክራለች። ትምህርት ቤት ሌላ፣ ቤት ሌላ ሆና የምትታይ ልጅ መመርመር ይገባታል፤ ብዙ ሴት ልጆች የሚታለፉትም እዚሁ ላይ ነው።

ኦቲዝም የመናገርና ያለመናገር ጉዳይ አይደለም። ሐኪም ሲመረምር ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ ይፈልጋል። አንደኛው ከሰው ጋር መግባባት ላይ ነው፤ የሌላውን ፊትና ድምፅ ማንበብ፣ ወሬና ጨዋታ መቀባበል፣ ጓደኝነት መያዝና ማቆየት። ሁለተኛው ነገሮች ሁሌም እንደነበሩ እንዲቀጥሉ መፈለግ፣ በአንድ ነገር ከልክ በላይ መመሰጥ፣ ለድምፅ፣ ለንክኪና ለሽታ ከሌላው ሰው የበዛ ወይም ያነሰ ስሜት መኖር ነው። ሁለቱም ከሕፃንነት የጀመሩ መሆን አለባቸው። የጎረቤትዎ ልጅ እነዚህን በግልጽ ያሳያል። ሌላዋ ደግሞ እየተናገረች፣ ደረጃ እያወጣች ይዛቸው ትኖራለች።

የሚታየን ወንዱ ብቻ የሆነው ነገሩ ከመነሻው በወንዶች ላይ ስለተጻፈ ነው። ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 አሜሪካ ውስጥ ኦቲዝምን ሲገልጽ ካቀረባቸው 11 ልጆች 8ቱ ወንዶች ነበሩ። በዓመቱ ሃንስ አስፐርገር ከቪየና በዝርዝር የጻፈላቸው አራቱም ወንዶች ናቸው። ግሩንያ ሱካሬቫ የተባለች የሞስኮ ሐኪም ከሁለቱም ቀድማ በ1927 ስለ ሴት ልጆች ለብቻ ጽፋ ነበር፤ ጽሑፏ ግን ለአሥርት ዓመታት ሰሚ አጥቶ ቆየ። ከዚያ የመጡት የኦቲዝም መለያ መጠይቆች በብዛት በወንዶች ላይ ተሞክረው ተሠሩ። መጠይቁ የወንዱን መልክ ስለሚያውቅ የሚያገኘውም ወንዱን ነው፤ ወንዶች በብዛት ስለተገኙም «የወንድ ነገር ነው» ተባለ። ለረጅም ጊዜ 4 ወንድ ለ1 ሴት ሲባል ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ ትንተና ወደ 3 ለ1 አወረደው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 ባወጣው የመለያ መጽሐፍ 5ኛ ዕትም ላይም የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ወይም የቋንቋ መዘግየት የሌለባቸው ሴት ልጆች ሳይታወቁ ሊቀሩ እንደሚችሉ ተጽፏል።

በእኛ አገር አንድ ተጨማሪ መጋረጃ አለ። ሴት ልጅ ዝም ስትል፣ አንገቷን ስትደፋ «ጨዋ፣ ጭምት» እንላታለን። ወንዱ እንዲያ ቢሆን «ምን ሆነ?» ብለን እንጠይቅ ነበር። ስለዚህ «ዓይን ለዓይን አያይም» የሚለው የመጠይቅ መስመር ለእኛ ልጆች ብዙ አይናገርም፤ ታላቅ ፊት ዓይን መስበርን ያስተማርናቸው እኛው ነን። መታየት ያለበት ከእኩዮቿ ጋር ስትሆን ነው።

ሰላምታችንም ያሳስታል። «እንዴት ናችሁ፣ ልጆች ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ሲባል ማን ምን እንደሚመልስ፣ ጉንጭ ስንት ጊዜ እንደሚሳም የታወቀ ነው። ልኩ የታወቀ ሥርዓት እንዲህ ላለች ልጅ ከሁሉም ይቀላታል፤ አጥንታዋለች። የሚከብዳት ሰላምታው አልቆ መልሱ ያልተጠና ወሬ ሲጀመር ነው። እንግዳ ሲመጣ ሰላም ያለችበትን ደቂቃ ትተው ቀጥሎ ያሉትን 5 ደቂቃዎች ይመልከቱ። ሰው በጠየቃት ልክ ብቻ መልሳ ዝም ትላለች? ወይስ ስለምትወደው ነገር ጀምራ ሰው መሰልቸቱን ሳታይ ትቀጥላለች? የትልልቆቹን ሳቅ አይታ ዘግይታ ትስቃለች?

ይህን ባለሙያዎች «ራስን መሸፈን» ይሉታል። ልጅቷ አንዲት የተወደደች የክፍል ጓደኛዋን መርጣ አሳሳቋን፣ አነጋገሯን፣ ቦርሳ አያያዟን ሳይቀር ትቀዳለች። ማስመሰል ነው ብለው አይቆጧት። እንደ ባዕድ ቋንቋ እያንዳንዱን ቃል በልቧ እየተረጎመች መዋሏ ነው፤ የሚወስደው ጉልበት ደግሞ ቤት ስትገባ ያልቃል።

የምትወደው ነገርም ያሳስታል። ወንዱ የመኪና ሰሌዳ ቁጥር ሲሰበስብ ለሰው እንግዳ ይሆናል። ልጅቷ የወሩን ታቦታት በሙሉ፣ 5 አቦ፣ 12 ሚካኤል፣ 16 ኪዳነ ምሕረት፣ 19 ገብርኤል እያለች ብታውቅ «መንፈሳዊ ልጅ» ትባላለች፤ ተከታታይ ድራማ ቃል በቃል ብትደግም ማንም አይደነቅም። ነገሩ የተለመደ ነው፤ ያልተለመደው መጠኑ ነው። አቋርጪ ስትባል የምትሆነውን፣ ከዚያ ውጭ የምታወራው መኖር አለመኖሩን ይመልከቱ።

አሁን ወደ አልጋው ሥር እንመለስ። ለ14 ቀን በደብተር ይመዝግቡ። አራት ነገር ይበቃል፤ ሰዓቱ፣ ከዚያ በፊት የነበረው ሁሉ፣ ያደረገችው፣ እስክትረጋጋ የወሰደው ጊዜ። አንድ መስመር እንዲህ ሊሆን ይችላል፤ «ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡40። ከትምህርት ቤት ገባች። ቡና እየተቆላ፣ እጣን እየጨሰ፣ ሦስት ጎረቤት ተቀምጦ ነበር። ሁሉንም ሳመች። ካልሲ ስታወልቅ ስፌቱ ነካኝ ብላ ጮኸች። አልጋ ሥር፣ 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ።» ሰው ይህን ሲሰማ «ለካልሲ?» ይላል። ካልሲው ሰበብ ነው እንጂ ምክንያት አይደለም። ጠዋት 2፡00 ላይ የጀመረ ጫጫታ፣ ያልተነገረ የፕሮግራም ለውጥ፣ የባጃጅ ጡሩምባ፣ ጭስና ሦስት ስሞሽ ተደራርበው ካልሲው ላይ ደረሱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከጩኸቱ በፊት የነበረውን አንድ ደቂቃ ብቻ መጻፉ ላይ ነው። ቢያንስ ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ይሂዱ።

ምርመራውን ሳይጠብቁ ዛሬ ማድረግ የሚችሉት አለ። ካልሲውን ገልብጠው ያልብሷት፤ ስፌቱ ወደ ውጭ ይሁን። አንገት ላይ የተሰፋውን የልብስ ምልክት ስፌቱን ፈትተው ያውጡት፤ በመቀስ ከቆረጡት የሚቀረው ጫፍ የባሰ ይወጋል። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ጥያቄ የሌለበት ጊዜ ይስጧት፤ «ዛሬ ምን ተማርሽ?» ይቆይ። የቡናው ሰዓት መቀየር ካልቻለ በጓሮ በር ትግባና ሰላምታው ኋላ ይድረስ። ሹሩባ የሚያስለቅሳት ከሆነ ፀጉሯን በአንድ ቀን ከመጨረስ በሁለት ቀን ይክፈሉት፤ ስንት ጉንጉን እንደቀረም እየቆጠሩ ይንገሯት። ስትጮህ አይምከሯት፤ በዚያ ሰዓት ቃል አይገባትም። ስልክ አውጥቶ መቅረጽም አይገባም። ለሐኪም የሚጠቅመው ከእኩዮቿ ጋር ስትጫወት የተነሣ የ2 ወይም የ3 ደቂቃ ቪዲዮ ነው።

11 ዓመቷ ስለሆነ የወር አበባን አሁኑኑ ያስተምሯት። በዘወርዋራ «ትልቅ ሴት ትሆኛለሽ» ማለት ለእሷ ትርጉም የለውም። ደም ከየት እንደሚመጣ፣ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 7 ቀን እንደሚቆይ፣ ቁስል እንዳልሆነ በቀጥታ ይንገሯት። ደም ከመምጣቱ በፊት ሞዴስ አድርጋ ለአንድ ሰዓት ቤት ውስጥ ትለማመድ፤ ሻካራነቱ ወይም ድምፁ ከረበሻት ሌላ ዓይነት ወይም ለስላሳ ጨርቅ ለመሞከር ጊዜ ይኖራችኋል። «እምቢ» ማለትንም ያስተምሯት። ታዛዥነቷ የተመሰገነላት፣ የሰውን ሐሳብ ከፊቱ የማታነብ ልጅ ለጥቃት የተጋለጠች ናት። ማን ሰውነቷን መንካት እንደሚችልና እንደማይችል በስም ዘርዝረው ይንገሯት።

ለምርመራ ከጤና ጣቢያ ይጀምሩ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ የሪፈር ወረቀት ያስፈልግዎታል። ባሕር ዳር ውስጥ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች የሥነ አእምሮ ክፍል አላቸው። ደብተሩን፣ ቪዲዮውንና የመምህሯን አንድ ገጽ ጽሑፍ ይያዙ። ኦቲዝምን የሚያሳይ የደምም ሆነ የራጅ ምርመራ የለም፤ የሚለየው በታሪክና በመመልከት ነው። ልጅዎ ሐኪሙ ፊት ለ15 ደቂቃ እንደ ትምህርት ቤቱ ጭምት ሆና ትቀመጣለች፤ ስለዚህ እርስዎ ያልነገሩትን ሐኪሙ አያየውም። «ትምህርቷ ጥሩ ስለሆነ አይደለም» ቢባሉ ደብተሩን ከፍተው አንድ መስመር ያንብቡ።

ጥያቄ 2

እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። በክፍሌ ከ60 በላይ ተማሪ አለ። ስለ ኦቲዝም ሥልጠና ወስጃለሁ፤ የተነገረን ሁሉ ግን ስለሚረብሽ ልጅ ነው። የማትረብሸውን ሴት ልጅ በዚህ ብዛት ውስጥ እንዴት አያታለሁ?
መምህር፣ ከዘጌ

መልስ

መምህር፣ ክፍል ውስጥ አይፈልጓት። ክፍል ሥርዓት ያለው ቦታ ስለሆነ ትደበቅበታለች። ረፍት ሰዓት ላይ ይፈልጓት።

በሦስት የተለያዩ ቀናት፣ በየረፍቱ 10 ደቂቃ ይውሰዱ። በየደቂቃው አንድ ጊዜ ቀና ብለው ልጅቷ በዚያች ቅጽበት ያለችበትን በአንድ ፊደል ይጻፉ። እየተቀባበለች ከሌሎች ጋር የምትጫወት ከሆነ «እ»፣ ከልጆች አጠገብ ሆና ጨዋታው ውስጥ ከሌለች «ዳ»፣ ብቻዋን ከሆነች «ብ»። በመጨረሻ 30 ፊደል ይኖርዎታል። በዚያው ረፍት ሌሎች ሁለት ልጃገረዶችንም እንዲሁ ይመዝግቡ፤ ማወዳደሪያ ከሌለ ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይናገርም። እየታየች እንደሆነ ካወቀች ትለወጣለች፤ ስለዚህ የረፍት ተረኛ በሆኑበት ቀን ያድርጉት። የፈተና ሰሞን አይሁን።

ኦቲዝም ያለበት ወንድ ልጅ ብዙ ጊዜ «ብ» ይበዛበታል፤ ግቢው ዳር ብቻውን ሲዞር ከሩቅ ይታያል። የልጅቷ ወረቀት ላይ የሚበዛው «ዳ» ነው፤ በትምህርት ቤት ግቢዎች የተደረጉ ጥናቶችም ያገኙት ይህንኑ ነው። ከአንዱ ቡድን ወደ ሌላው ትሄዳለች፣ ትጠጋለች፣ ትወጣለች። ከቢሮ መስኮት ለሚያይ ተጫዋች ትመስላለች። ሱዚ ሲዘለል ይመልከቱ። ላስቲኩን በቁርጭምጭሚቷ ይዛ የምትቆመው፣ ተራዋ የማይደርሳት ወይም ሲደርሳት «እኔ ልያዝ» የምትለው ማን ናት? መያዝ የታወቀ ቦታ ነው፤ ከጨዋታው ሳትወጣ ከጨዋታው ታርፋለች። ሰኞ ማክሰኞ ላይ ጎበዝ ልትሆን ትችላለች፣ ሕጉ አይለወጥምና። ልጆቹ ሕጉን በመሐል ሲቀይሩት፣ ወይም ጨዋታው ቆሞ በጆሮ መንሾካሾክ ሲጀመር ግን ትጠፋለች።

በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ምሳሌያዊ አነጋገር ጥሩ መለኪያ ይመስላል፤ ከመጽሐፉ ላይ ከሆነ ግን ትርጉሙን ስለሸመደደችው ሙሉ ታገኛለች። ከመጽሐፉ ውጭ የሆነ፣ ሰምቶት የማያውቅ ልጅ ሁሉ ማሰብ የሚኖርበትን ይስጧት። ቃሉን እንዳለ ከወሰደችው ይመዝግቡ። አንድ ምልክት ብቻውን ግን ምንም አይደለም። ዓይን አፋር ልጅ ከለመደችው ሰው ጋር ትፈታለች፣ ወሬዋም ይፈስሳል። ይህችኛዋ ከምትወዳቸው ጋርም ይደክማታል። በድንገት አንድ ነጥብ ላይ ፈዝዛ፣ ስሟን ሲጠሯት የማትሰማ ከሆነ ደግሞ የሚጥል በሽታ አንዱ ዓይነት እንዲያ ስለሚያደርግ ለሐኪም ያመልክቱ።

የሚደርስባት ጉዳትም ድምፅ የለውም። ወንዶቹ ይማታሉ፤ ሴቶቹ «ብዕርሽን ካልሰጠሽን አናጫውትሽም» ይላሉ። በየሳምንቱ ዕቃዋ የሚጠፋ ልጅ ካለች መጀመሪያ ይህን ያስቡ።

ክፍል ውስጥ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ይረዳታል። መቀመጫዋን አይቀያይሩ፤ የሚቀየር ከሆነ በዋዜማው ይንገሯት። በአንድ ለአምስት ቡድን ስትሠራ «ተወያዩ» ከማለት ለእያንዳንዱ ልጅ ሥራውን በስም ይስጡ፤ እሷ ጸሐፊ፣ ሌላዋ አንባቢ። ድንገት አስነሥተው አይጠይቋት፤ «ከሁለት ልጅ በኋላ አንቺ ነሽ» ብለው ያዘጋጇት። ወደ 7ኛና 8ኛ ክፍል ስታልፍ የሚከታተላት መምህር ይኑር፤ ጓደኝነቱ ከጨዋታ ወደ ወሬ የሚለወጥበት፣ መምህሩም የሚበዛበት ጊዜ ነው። እስከዚያ ተሸፍኖ የቆየው ብዙ ጊዜ የሚገለጠው ያኔ ነው፤ ወላጅም «ጎረምሳነት ነው» ብሎ ያልፈዋል።

ጥያቄ 3

26 ዓመቴ ነው፣ ባሕር ዳር አንድ መሥሪያ ቤት እሠራለሁ። ለጭንቀትና ለድባቴ አራት ዓመት ታክሜያለሁ። መድኃኒቱ እንቅልፌን መለሰልኝ፤ ድካሜ ግን አልሄደም። ስልክ ከመደወሌ በፊት የምለውን እጽፋለሁ። ለቅሶ ደርሼ ስመለስ ሁለት ቀን ሰው ማየት አልችልም። ሠርግ ላይ ሳቄ የማን እንደሆነ አላውቅም። በዚህ ዕድሜ መመርመር ይቻላል? ምን ይጠቅመኛል?
ስሜ ይቆይ፣ ባሕር ዳር

መልስ

እህታችን፣ ይቻላል። ጭንቀትሽና ድባቴሽም እውነት ናቸው፤ ሐኪምሽ አልተሳሳተም። ጥያቄው ከሥራቸው ሌላ ነገር አለ ወይ የሚለው ነው። ኦቲዝማቸው ዘግይቶ የታወቀ ብዙ ሴቶች አስቀድሞ የተሰጣቸው ስም ጭንቀት፣ ድባቴ፣ የምግብ መታወክ ወይም የስብዕና መታወክ ነበር። የሚታየው ስለታከመ የማይታየው ሳይጠየቅ ይቀራል።

መለያውን በአጭሩ እናስቀምጥ። ሰውን የሚፈራ ሰው ምን ማለት እንዳለበት ያውቃል፤ የሚፈራው መታየቱንና መፈረዱን ነው። ኦቲዝም ያለባት ሴት ግን የሌላው ሰው ነገር ራሱ አይነበብላትም፤ እንደ ሒሳብ ታሰላዋለች። በዚያ ላይ የድምፅ፣ የሽታ ወይም የንክኪ ሕመምና ያልተጠበቀ ለውጥን አለመቻል ከልጅነቷ አብረዋት አሉ። ፍርሃቱና ኦቲዝሙ በአንድ ሰው ላይ አብረው መኖራቸውም የተለመደ ነው።

ስልክሽ ላይ መጠይቆች ታገኚያለሽ። አንዱ እ.ኤ.አ. በ2001 እንግሊዝ አገር የወጣ ባለ 50 ጥያቄ ነው፤ ሌላው እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ፣ ራስን መሸፈንን የሚለካ ባለ 25 ጥያቄ ነው። መነሻ ይሆኑሻል እንጂ ምርመራ አይደሉም። የመጀመሪያው ከድግስና ከቤተ መጻሕፍት የትኛውን ትመርጫለሽ ዓይነት ነገር ይጠይቃል። ለቅሶና ማኅበር ግዴታ በሆነበት አገር ያደገች ሴት ምርጫዋን ተጠይቃ አታውቅም። «እሄዳለሁ» ብለሽ ነጥብሽ ዝቅ ቢል አይግረምሽ። ከመሄድሽ ይልቅ ከዚያ በኋላ ስለሚያስከፍልሽ ሁለት ቀን ለሐኪሙ ንገሪው።

ሐኪም ከሁሉ በላይ የሚፈልገው የልጅነት ታሪክሽን ነው። እናትሽን ወይም ያሳደገችሽን አክስት «ችግር ነበረብኝ?» ብለሽ አትጠይቂ። «ደህና ልጅ ነበርሽ፣ አታስቸግሪም ነበር» ትልሻለች፤ ያም እውነት ነው። እንዲህ ጠይቂ፤ ትምህርት ቤት ከመግባቴ በፊት ከማን ጋር እጫወት ነበር? ምን እጫወት ነበር? ፀጉሬን ስትሠሪኝ ምን እሆን ነበር? ከምግብ ምን ነገር አልነካም ነበር? በጉዞ ቀን ምን አስቸግር ነበር? የሰጠችሽን መልስ በራሷ ቃል ጻፊው። የድሮ ካርዶችሽም ይጠቅማሉ፤ ከውጤቱ ይልቅ መምህራን ስለ ጠባይሽ ያሰፈሩትን መስመር ተመልከቺ።

ጥቅሙ አንደኛ ሕክምናሽን ያስተካክላል። ለጭንቀት «ከምትፈሪው ቦታ ደጋግመሽ ሂጂ፣ ይለቅሻል» ይባላል። ፍርሃት በመላመድ ይቀንሳል፤ ድምፅ የሚያሳምመው ጆሮ ግን ገበያ በማዘውተር አይድንም፣ ሰውነትሽን ያደክመዋል እንጂ። ሁለተኛ ዓመታት ሙሉ «ሰነፍ ነኝ፣ ክፉ ነኝ» ስትይ የኖርሽውን ያነሣልሻል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ለቅሶን በተመለከተ መቅረት አትችዪም፤ አካሄዱን መለወጥ ግን ትችያለሽ። ሰው ሳይበዛ በጠዋቱ ሂጂ። ከምታምኛት አንዲት ሰው ጋር ሁኚ፤ የምትነሡበትን ሰዓት አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ 30 ደቂቃ ይበቃል። ሥራ ያዢ። ሲኒ ማጠብ፣ ውኃ ማቅረብ እጅሽን ይይዝልሻል፣ የምትቀመጪበትንና የምታወሪውን ከመፈለግ ያሳርፍሻል፣ ሰውም ይመርቅሻል። በማግስቱ ሌላ ቀጠሮ አትያዢ።

መድኃኒትሽን በራስሽ አታቋርጪ። ሳይታወቅባቸው በኖሩ ኦቲዝም ያለባቸው አዋቂዎች ዘንድ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከሌላው ሰው በላይ እንደሚታይ ይታወቃል። እንዲህ ያለ ሐሳብ ከመጣብሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ተናገሪና አብራችሁ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ጥያቄ 4

ልጄ 2 ዓመት ከ4 ወሯ ነው። ስሟን ስንጠራት ብዙ ጊዜ አትዞርም። እናቴ ጸበል ውሰዷት ትላለች፣ ጎረቤት ክትባቱ ነው ይላል፣ የባለቤቴ ወንድም ደግሞ ኦቲዝም ሴት አይዝም ይላል። ማንን ልስማ?
አባት፣ ከጎርጎራ

መልስ

ኦቲዝም ሴት ይይዛል። ክትባት አያመጣውም። ክትባቱን ጥፋተኛ ያደረገው ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1998 በ12 ልጆች ላይ የተጻፈ ነበር፤ ያወጣው መጽሔት ራሱ በ2010 ሰርዞታል። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር፣ በብዙ መቶ ሺህ ልጆች ላይ ተጠንቶ ግንኙነት አልተገኘም። የቀሩ ክትባቶች ካሉ ያስከትቡ።

በመጀመሪያ ጆሮዋን ያስመርምሩ። ስሟ ሲጠራ የማትዞር ልጅ ሁሉ ኦቲዝም አለባት ማለት አይደለም፤ በጆሮ ሕመም ምክንያት የመስማት ችግር ላይ ያሉ ልጆች ብዙ ናቸው። ለዕድሜዋ የሚሆን ከ16 እስከ 30 ወር ላሉ ልጆች የተሠራ ባለ 20 ጥያቄ መጠይቅ አለ፤ ሁለት ወር ነው የቀራት፣ አይዘግዩ። ጤና ጣቢያ ሄደው ይጠይቁ።

እስከዚያው አንድ ነገር ይመልከቱ። ዳቦ ፈልጋ ብትጠቁም መጠየቋ ነው። ሐይቁ ዳር ቆማችሁ ታንኳ ሲያልፍ በጣቷ ጠቁማ፣ ከዚያ ዞራ እርስዎ አይተው እንደሆነ ፊትዎን ብታይ ግን ማሳየቷ ነው። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፤ ሁለተኛው በዚህ ዕድሜ ከሌለ ለሐኪሙ መጀመሪያ የሚናገሩት ይህን ነው። ትናገረው የነበረውን ቃል ከተወች ወይም ዕቃ ትይዝበት የነበረው እጇ ሥራ አቁሞ እጇን እየፈተገች ከዋለች አንድ ቀን አያሳድሩ። በሴት ልጆች ላይ ብቻ ማለት ይቻላል የሚታይ ሬት ሲንድረም የሚባል ሌላ ሕመም እንዲህ ይጀምራል።

ጸበሉን አንከለክልም። እናትዎ የሚመኙት ደኅንነቷን ነው። ሕዝብ በማይበዛበት ቀን ይውሰዷት፤ ውኃው በእጇ እንድትነካው ያድርጉና ቀስ ብለው ያፍስሱ። ያልጠበቀችው ቀዝቃዛ ውኃ ሲፈስባት የምትጮኸው ጩኸት የመንፈስ ምልክት ተደርጎ ብዙ ልጆች ታስረዋል፣ ተገርፈዋል፤ ይህ እንዳይደርስባት ከአጠገቧ አይለዩ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የታዘዘላት ከሆነ ለጸበል ብለው አያቋርጡ፤ በድንገት ሲቋረጥ ተከታታይ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። የሐኪሙን ቀጠሮ ጸበሉ እስኪያልቅ አያስተላልፉት፤ ሁለቱ በአንድ ሳምንት ይሄዳሉ።

ቤት ውስጥ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በየተራው 5 ደቂቃ፣ መሬት ላይ ከፊት ለፊቷ ይቀመጡ። የያዘችውን እርስዎም ይያዙ። ጠጠር በጣሳ ውስጥ የምትጨምር ከሆነ እርስዎም አንድ ይጨምሩና ይጠብቁ። «ጨምሪ» አይበሏት፤ «ጠጠር» ብቻ ይበሉና ዝም ይበሉ። ቀና ብላ ካየችዎት ወዲያው ሌላ ጠጠር ይጨምሩ። በመጀመሪያው ሳምንት ላታይዎት ትችላለች።